ጥላ የሌላቸው የሮቤ ገበያተኞች

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአሮጌው የእህል መጋዘን አጥር ላይ፣ የማይበተን ገበያ አለ። ዝናብ ቢወርድ፣ ብርዱ ቢጠና፣ ሰዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ነጭ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት አለች፤ የፈረሱን ልጓም ይዞ የቆመ ባለጋሪ አለ፤ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሚከራከሩ ሁለት ገበሬዎች አሉ። ሲቆጠሩ ሠላሳ አንድ ሰው ናቸው። የሣላቸው ዘውገ ነው። ሮቤ ውስጥ "የትኛው ዘውገ?" ብሎ የጠየቀ እንደሆነ "ሐውልቱ" ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። በባሌ ገጠር የተዘዋወረ ሰው ያውቀዋል፤ ከሲናና እስከ አጋርፋ፣ ስንዴው መሀል፣ በሲሚንቶ ተሠርተው በቀለም ያሸበረቁ መቃብሮች አሉ። ሟቹ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ከብቶቹን ከኋላው አሰልፎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ዘውገ ከሠላሳ ዓመት በላይ እነዚህን ሲሥል ኖሯል። ጎባ ተወልዶ ያደገ፣ ማተብ ያሰረ ሰው ነው፤ ግን የሙስሊሙንም መቃብር የሚያስጌጠው እሱ ነበር። ኦሮምኛው ከአማርኛው አይተናነስም። ሐዘንተኛ ቤት ይገባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ስለ ሟቹ ሲወራ ያዳምጣል። ልጆቹ እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ እሱ የፈረሱ መልክ ቦራ ይሁን ዳማ፣ ሰውየው ቁጡ ይሁን ተጫዋች አውቆ ይወጣል።

በመሀል በመሀል የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር። ለፀጉር ቤቱ መቀስ፣ ለምግብ ቤቱ ዶሮ ይሥላል። ባነር የሚያትም ማሽን ከተማው ሲገባ ያ ሥራ ቀረ። ሙታኑ ግን አልከዱትም። "ሙት በባነር አይረካም" እያለ ይቀልድ ነበር።

ሙያውን ያስተማረው ጎባ የነበረው ጋሽ ሀይሉ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀለም ከማደባለቅ በፊት ሕግ የሚያስተምር ሰው ነበር። ከሕጎቹ ሁሉ የማይታለፈው አንድ ነው፤ ለሙት ጥላ አይሣልም። ጥላ የሕያው ነው። ጥላ የሰጠኸው ሙት መሬት ይረግጣል፤ መሬት የረገጠ ደግሞ መንገድ ያገኛል፣ ይመጣል። ዘውገ ልጅ እግር ነበርና ያኔ ስቆ ነበር። ቢስቅም ሕጉን ጠበቀ። ፈረሱ ከሣሩ ላይ፣ ሰውየው ከፈረሱ ላይ፣ ከበታቻቸው ግን ምንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላደረገውን ነገር እጁ ጨርሶ ረሳው።

ታዲያ ከተማዋ መንገዷን ስታሰፋና አጥር ስታሳምር፣ አምስት ግድግዳ ለአምስት ሠዓሊ ይሰጥና የአደባባይ ሥዕል ትርዒት ይከፈት ተባለ። ሦስቱ ሠዓሊዎች ከአዲስ አበባ የሚመጡ፣ በሚረጭ ቀለም የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። አስተባባሪው ሳላሕዲን የሚባል፣ ከወሎ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ አጋርፋ ሲሄድ መንገድ ዳር ያለ ሐውልት አይቶ አውቶብስ ያስቆመ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ያጉረመረመበት እሱ ነው። ሠሪውን አጠያይቆ ዘውገ ቤት ደረሰ። የገበያ ሥዕል እንደሚፈልግ፣ ሠላሳ ሰው እንዲሆን፣ ሰዎቹም የገዛ ከተማቸው ሰዎች እንዲሆኑ ነገረውና ሲወጣ፣ "ጋሽ ዘውገ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ያለ ሰው ይሣሉ" አለው። ዘውገ ሳቀ። በኋላ ያቺን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታወሳት።

መጀመሪያ የተሣለችው ሙሉካ ናት። ሙሉካ ከስልጤ መጥታ ሮቤ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ነጭ ሽንኩርት የሸጠች፣ ምላሷ ከሽንኩርቷ ይልቅ የሚያቃጥል ሴት ነች። ግድግዳው ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን እንዲያሳጥርላት፣ የጎረቤቷን የማሚቱን መደብ ደግሞ ትንሽ እንዲያሳንሰው ስታዘው ዋለች። ባለ ባጃጆቹ ቆመው ይስቁ ነበር። ቀን በቀን ሰው እየተሣለ፣ እየተጨመረ ሄደ። ዘውገ እንዲህ ያለ ደስታ በሥራው አግኝቶ አያውቅም፤ የሚሥለው ሰው መልሶ ሲያወራው የመጀመሪያው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሥራው አልቋል ብሎ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቆጠራቸው። ሠላሳ አንድ ሆኑ።

እንደገና ከግራ ጀምሮ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ።

ትርፏ በቀኝ በኩል ጠርዝ ላይ፣ ከጋሪው ኋላ ነበረች። አረንጓዴ የተማሪ ሹራብ የለበሰች፣ የሹራቡን ጫፍ በግራ እጇ ጨብጣ የያዘች ልጅ ናት። ሹራብ እንዲያ የምትይዝ አንዲት ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሩሃማ፣ ልጁ።

ሩሃማ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በደላላ ወደ ዓረብ አገር ወጣች። መጨረሻ የደወለችው ከሶማሊያው ወደብ ከቦሳሶ ነበር፤ ነገ እንሻገራለን፣ ባሕሩ ፀጥ ብሏል ይላሉ አለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም። ሰጠመች ያለ አልመጣ፣ ደረሰች ያለ አልመጣ። ጎረቤት በስተኋላ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ እርማችሁን አውጡ፣ እድሩ ድንኳን ይትከል ብሎ ነበር። እናቷ ሸዋርጋ ያን የመከሩትን ሰዎች እስከ ዛሬ ቤቷ አታስገባም። ሩሃማ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው ብላ፣ ያ ቁጥር ያለባትን ባለ ቁልፍ ስልክ በየጠዋቱ ኃይል ትሞላታለች፤ ለብሳ ስትወጣ ጡቷ ሥር ትይዛታለች። ዘውገ በዚህ ነገር አንድም ቀን ቃል ተናግሮ አያውቅም። የሌላውን ሰው ልጅ መቃብር እያስጌጠ፣ ማታ ገብቶ ስልኳ ዘጠና ከመቶ ሞላች ሲባል "እሰይ" ይላል።

መቼ እንደሣላት ምንም አያስታውስም። አረንጓዴውን ያደባለቀው ለሽንብራ እሸት እንደነበር ያስታውሳል፤ ከዚያ ዝም ነው። ያን ዕለት የግድግዳውን ነጭ አምጥቶ ሸፈናት። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ሲመጣ ነጩ ተልጦ ወርዶ፣ ልጅቷ ቆማለች። በዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም እንደማይዝ ማንም ቀለም ቀቢ ያውቃል፤ እሱም ለራሱ ይህንኑ ነገረው። በዘይት ቀለም ሊደፍናት ይችል ነበር። አልደፈናትም። ሸዋርጋ ሥዕሉን ልየው ስትለው ግን "ሲያልቅ ታይዋለሽ" ማለት ጀመረ።

ትርዒቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከአጋርፋ የመጣ አውቶብስ ከግድግዳው ፊት ሰው አወረደ። ከወረዱት አንዱ ኦቦ ሱልጣን፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ከዓመታት በፊት ዘውገ የወንድማቸውን መቃብር ሠርቶላቸዋል። ሽማግሌው ግድግዳውን ዳር ዳሩን ይዘው በቀስታ ተራመዱ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ምርኩዙን ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ "አሰላሙ አለይኩም ያ አህለል ቁቡር" ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ መቅራት ያዙ። ለመቃብር ሰዎች የሚሰጥ ሰላምታ ነው።

አብዲ የሚባል ባለ ባጃጅ፣ ራሱም ከነባጃጁ እዚያው ሥዕል ላይ ያለ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "አባ፣ ይሄ ሥዕል ነው፤ መቃብሩ ወዲያ ነው።"

ሽማግሌው ዱአቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። "ሥዕል መሆኑ ጠፋኝ መሰለህ ልጄ? የወንድሜን ሐውልት የሠራው እጅ ይኸው ነው። እግራቸውን እይ። ጋዲዱ የላቸውም።"

ጋዲዱ በኦሮምኛ መሬት ላይ የሚወድቀው የሰው ጥላ ነው። እዚያ የነበረው ሁሉ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እያንዳንዱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ገዛ እግሩ ሥር አጎነበሰ።

ዘውገ መሰላል ላይ ነበር። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሲያይ፣ በላይ በኩል በገዛ እጁ የሣላት፣ እንደ ሰፌድ የሰፋች ቢጫ ፀሐይ አለች። ከሥሯ ሠላሳ አንድ ሰው፣ አንድ ፈረስ፣ አራት አህያ ቆመዋል። ከአንዳቸውም እግር ሥር የወደቀች አንዲት ጣት የምታህል ጥላ የለችም። እጁ እንደለመደው ሠርቷል።

ነገሩ ከባጃጅ ባጃጅ ዞሮ ከሰዓት በፊት ገበያ ደረሰ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። "ሙሉካ፣ አለሽ እንዴ?" ይሏታል፣ እሷም "ከሞትኩ በኋላ ነው የተወደደው ሽንኩርቴ" ትላለች። በኋላ ግን አንዲት ደንበኛዋ ሽንኩርቱን ከእጇ መቀበል ፈርታ መሬት አስቀምጪልኝ አለቻት። ጊኒር ያለች የሙሉካ እህት በስልክ እያለቀሰች ደወለች። አብዲም ባጃጁን በዚያ መንገድ መንዳት ተወ፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ነው ይላል፣ በሌላው መንገድ ሲዞር እጥፍ እየነዳ።

በማግስቱ ማለዳ ሙሉካ ግድግዳው ጋ መጣች። ቀልድ አልነበራትም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሥዕሏን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

"ጋሽ ዘውገ፣ ጥላዬን ይስጡኝ። ልጆች አሉኝ።"

ከአዲስ አበባ የመጡት ሠዓሊዎች ደግሞ ጥላ አልባነቱን ወደውት ነበር፤ አንደኛው ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበብ ነው፣ እንዳይነካ ብሎ ሳላሕዲንን ያዘው። ሳላሕዲን ወደ ዘውገ ዞሮ እውነት ሆን ብሎ እንደሆነ ጠየቀው። ዘውገ ረስቼ ነው አለ። ሕያው ሰው እንዴት እንደሚሣል ረስቼ ነው።

ዓርቡን ሙሉ ጥላ ሲያድል ዋለ። የጥላ ቀለም ጥቁር አይደለም፤ ጥቁሩን በሰማያዊ፣ ሰማያዊውን በትንሽ ቡኒ ገድሎ በአንድ ቆርቆሮ አደባለቀ። ገበያተኞቹን አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ አቆማቸውና እውነተኛ ጥላቸው መሬት ላይ እንዴት እንደሚወድቅ እያየ ገለበጠው። ወረፋ ሆነ። ሙሉካ የራሷ ሲጨርስ እግሯን ከሥዕሏ እግር አጠገብ አድርጋ ለካችው። "አጠረ እኮ" አለች፤ "ለማሚቱ ነው ያስረዘሙላት፣ አይቻለሁ።" ይህን ስትል ሁሉም ሳቀ፣ ዘውገም አብሯቸው። አብዲ ለባጃጁም ጭምር ጥላ አስደርጎ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሠላሳው አለቀ። ዘውገ ቆርቆሮውን ይዞ ከጋሪው ወዲህ ቆመ። ወደዚያ አልሄደም። ብሩሹን አጠበ፣ ደግሞ አጠበ።

ሸዋርጋ የመጣችው ያኔ ነው። ጥላ የሌላቸው ሰዎች ወሬ ቤቷ ድረስ ገብቶ፣ "ሲያልቅ ታይዋለሽ" የተባለው እስኪያልቅ መታገሥ አልቻለችም። ከግራው ጫፍ ጀምራ፣ የምታውቀውን ሰው እያየች ፈገግ እያለች መጣች። ከጋሪው ኋላ ስትደርስ እጇ ወደ ደረቷ፣ ወደ ስልኳ ሄደ።

"መቼ ነው የሞተችው?" አለች።

"ሸዋርጋ..."

"እኔ ሳልሰማ መቼ ነው የሞተችው? ከዚህ ሁሉ ሰው ጥላ የሌላት እሷ ብቻ ናት።"

ልደርስባት ነው፣ ተራዋ ስላልሆነ ነው አላት። ሸዋርጋ አርባ ዓመት የምታውቀውን ሰው ፊት ለማንበብ ፊደል አያስፈልጋትም። ሠላሳ ሰው ስታስቀድም ልጅህን ለምን መጨረሻ አደረግካት አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የጋሽ ሀይሉን ቃል እሱ በጨዋታ ነግሯት የረሳውን፣ እሷ ያልረሳችውን አነሳች። "ጥላ የተሰጠው ይመጣል አላለም? ስጣት። ትምጣ።"

ዘውገ ተንበረከከ። ብሩሹን ነከረ፣ ወደ ልጅቷ እግር አቀረበ። ቀለሙ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንት እናት፣ ስንት ሚስት በየመቃብሩ ዳር "አስመስለው" ብላዋለች፤ ማናቸውም ግን ጥላ ስጠው ብላ አታውቅም። እነሱም ያውቁ ይሆናል። በሕይወት ካለች በመኪና፣ በእግሯ፣ በስልክ ትመጣለች፤ ጥላ አያስፈልጋትም። ከሌለች ደግሞ በዚህ በኩል የሚመጣው ምንድን ነው? በሩን ሌሊት የሚያንኳኳው ማን ነው? እጁ አልታዘዘም። ብሩሹ ግድግዳውን ሳይነካ ቀረ።

"እጄ፣ 'ሞታለች' ይላል" አላት ቀና ሳይል። በዚህ ነገር በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ቃሉ ነው። "እኔ አላልኩም። እጄ ነው።"

ሸዋርጋ "እጅህ ከሙት ሌላ ምን ያውቃል" አለች። ስድብ ይሁን ማጽናናት እስካሁን አልገባውም።

ያን ጊዜ ደመና ገባ፣ ቶሎም ካፊያ ጣለ። ሁለቱም ሮጠው ከመንገዱ ማዶ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከወጠረችው ሰማያዊ ሸራ ሥር ገቡ። ካፊያው እንደ ጀመረ አለቀ፤ ፀሐይዋ ወጣች። ዘውገ መሬት መሬቱን ሲያይ፣ የበቆሎ ሻጯም፣ የሸዋርጋም፣ የራሱም ጥላ የለም። ሦስቱንም ያቀፈ አንድ ሰፊ ጥላ አለ፤ የሸራው። አማርኛ ሁለቱንም ጥላ ብሎ ያልፈዋል። ኦሮምኛ ግን ይለያል። ከሰው የሚወድቀው ጋዲዱ ነው። ሰው የሚጠለልበት ጋዲሳ ነው። ጋዲሳ ውስጥ የተቀመጠን ሰው ደግሞ ጋዲዱህ የት አለ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

መንገዱን ሲሻገር ባጃጅ ሊገጨው ነበር። ከጋሪው ጀርባ ሁለት ቋሚ እንጨት ሣለ፣ በላዩ ሰማያዊ ሸራ ወጠረ፣ ሸራውን ከነእጥፋቱ በልጅቷ ላይ ዘረጋው። ከሥሩ፣ ከቆርቆሮው ጥቂት ቀለም ወስዶ አቅጥኖ፣ መሬቱን በሰፊው አጠላበት። ፊቷም ላይ ስስ አድርጎ አለፈበት፤ አረንጓዴው ሹራብ ጨለም አለ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጨረሰ። ሩሃማ አሁን ሙት ናት የሚል በምን ይላል? ሕያው ናት የሚልስ?

ሸዋርጋ ጠጋ ብላ አየች። "ይሄ ጥላ የማን ነው?"

"የሸራው።"

የልጅቷን የግራ እጅ በጣቷ ነካች። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጣቷ ላይ ቀረ፤ አልጠረገችውም። "ፀሐይ ስትዞርስ?" አለች። "ሸራው እኮ ጥላው ይሄዳል። ያኔ ትወጣለች።"

ዘውገ የግድግዳ ፀሐይ አትዞርም ሊላት አፉ ድረስ መጥቶ መለሰው። "ያኔ እናያለን" አላት።

ቅዳሜ ትርዒቱ ተከፈተ። ሹማምንት መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ሙሉካ ከራሷ ጥላ ጎን ቆማ ላልጠየቃት ሁሉ ፎቶ ተነሣች። ኦቦ ሱልጣንም ከአጋርፋ መጥተው ነበር። ዘውገ ከርቀት ሲያያቸው እንደዚያን ቀን ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ፤ ግድግዳው መሀል ላይ ሲደርሱ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው፣ ለሕያው እንደሚባለው፣ አሰላሙ አለይኩም ብለው አለፉ። ሸራው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ለዱአ እስከ ደረታቸው አነሡ፣ ልጅቷን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ መዳፋቸውን ሳይዘረጉ መልሰው አወረዱት።

ከዚያ ወዲህ ዘውገ የመቃብሩን ሥራ ቀንሷል። የጥላው ቆርቆሮ ግን አልተጣለም፤ መደርደሪያው ላይ፣ የሸዋርጋ ስልክ ኃይል የምትሞላበት ሶኬት አጠገብ ተቀምጧል። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቀለም አለ፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። በየወሩ መክደኛውን ከፍቶ ተነር ጠብ ያደርግበትና፣ እንዳይደርቅ፣ በእንጨት ያማስለዋል።